ድንቢጥ የማለችው መሐላ

ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ የተማረ ሰው ቢያየው «ደግሞ ይቺን ማን ጻፊ አላት» ይላል ብዬ እስክሪብቶውን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። ግን የየብርጓልን ነገር የሚጽፍላት ሌላ ሰው የለም። እሷም «ከጻፍሽው እንደሆነው ጻፊው፣ አታሳምሪው» ብላኛለች። ለማሳመሩስ አቅሙም የለኝ። የጎደለ ቢኖር የእኔ አለማወቅ ነውና ይቅር በሉኝ።

የብርጓል የሮብ ገበያ ልጅ ናት። እናታቸው ስትሞት ወንድሟ ዘመነ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ኋላ ሁለቱም ደብረ ማርቆስ ገቡ። እሱ መኪና ከማጠብ ጀምሮ ረዳት፣ ከረዳትም የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። እሷ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፈተች። ሻይ ቤት ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረች፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር የያዘች ጠባብ ክፍል ናት።

የብርጓል ፈሪ ናት። እንግዳ ሰው ሲመጣ ብርጭቆውን አስቀምጣ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ዝናብ ከዘገየ ትፈራለች፤ ከበዛም ትፈራለች። ከሁሉ በላይ ግን ዓባይ በረሃን ትፈራለች። ዘመነ ወደ አዲስ አበባ ሲጭን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ማዶ ወጥቶ እስኪደውልላት ድረስ ምግብ አይወርድላትም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ስልክ የማይሠራበት ሰዓት ሁሉ ለእሷ የለቅሶ ዋዜማ ነው።

ስትምልም በእሱ ነው። ሰው የሚምለው በሚሳሳለት አይደል? «ስኳሩ አልቋል፣ ዘመነ ይሙት» ካለች አልቋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ጣሳውን ከፍቶ አያይም። ምክንያቱም የብርጓል በሐሰት ምላ አታውቅም። እናቷ «በሐሰት የማለ፣ የማለበትን ይቀብራል» ትላት ነበር፤ ይህ ከአጥንቷ ገብቶ ቀርቷል።

ፈሪነቷን የምትረሳው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው። እንዳላማው ይባላል፤ የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ ድምፁ መናኸሪያውን ሞልቶ ይተርፋል። ገና ከበሩ ላይ ይጀምራታል።

«የብርጓል፣ ይቺ ሻይ ናት ወይስ ጠበል?»

«ጠበልማ ብትሆን ያንተ ጋኔን እስካሁን ይጮህ ነበር።»

«የኔ ጋኔን ጨዋ ነው፣ ሳይበላ አይጮህም። ዳቦ ስጪው።»

«የትናንቱን ይክፈልና።»

ይህን ሲባባሉ አንድ ልጅ ጥግ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ታዲዮስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዓመቱ ሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ ሊመረቅ ደርሷል። ለመመረቂያው የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራ ነበር። በጨዋታው ውስጥ አንድ ሰው ሰይፍ ታጥቆ፣ ዘንዶና ድግምተኛ በሞላበት አገር ይጓዛል፤ ሁለት ባልንጀሮችም ይከተሉታል። አንደኛዋ ድንቢጥ የምትባል እጇ የማያርፍ ቀጣፊ ናት፤ ሁለተኛው ዋርካ የሚባል ሆዱ የማይሞላ ግዙፍ ሰው ነው።

«ባልንጀሮቹ መንገድ ላይ ካልተጨዋወቱ፣ ተጫዋቹ ብቻውን የሚሄድ ይመስለዋል» አላቸው ታዲዮስ አንድ ቀን፣ አፍሮ እየተሽኮረመመ። «እኔ የጻፍኩላቸው ንግግር ደግሞ የቀበሌ ማመልከቻ ሆነብኝ። እናንተ እንደምትባባሉት ቢባባሉልኝ ብዬ ነው።»

እንዳላማው ወዲያው እሺ አለ። የብርጓልን ለማሳመን ግን ሳምንት ፈጀ። «ድምፄን ማን ሊሰማው? እኔ እንኳ አልወደውም» ትል ነበር። በመጨረሻ እንዳላማው «ተዋት፣ ድንቢጥን የሚያህል አፍ የላትም» ብሎ ሲተነኩሳት በእልህ ገባች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ታዲዮስ ከተከራየባት ክፍል ሄዱ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛ ላይ አቆመ። «አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳይተነፍስ» አለ። የብርጓል ማንበብ ስለማትችል ታዲዮስ ያነብላታል፤ እሷ ትደግማለች። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ኋላ ግን እንዳላማው እያሳቃት ድምፅዋን ለቀቀች።

በጨዋታው ውስጥ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ዋርካ ከስልቻው የማር እንጀራው መጥፋቱን ያያል። ማሩ ድንቢጥ ከረጢት ውስጥ ነው። ታዲዮስ አነበበላት፦ «እኔ ማርህን አልወሰድኩም፣ ለምን ትጠረጥረኛለህ?»

የብርጓል ደገመችው። ራሷ ሳቀች። «እንዲህ ብሎ የሚክድ ሌባ አለ?»

«ታዲያ ምን ትበል?»

«ኧረ ትማል እንጂ፤» አለችና ወደ እንዳላማው ዞራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሻይ ቤት እንዳለች ሁሉ፣ «እኔ? ዘመነ ይሙት አልነካሁም» አለችው።

ታዲዮስ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያት። እንዳላማው አፉን በእጁ አፍኖ ሳቁን ዋጠ። ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ እንዳላማው የተጻፈለትን፣ «እሺ፣ ይሁን፣ እንሂድ» የሚለውን ተናገረ፤ ቀጠሉ። ቀኑ ጥሩ ነበር። ታዲዮስ ብርቱካን ገዝቶ ጋበዛቸው። የብርጓል ወደ ቤቷ ስትሄድ ለራሷ ፈገግ እያለች ነበር።

ማክሰኞ ዘመነ ድንች ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት እመለሳለሁ ብሏል።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት አለፈ። የብርጓል ደወለች፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። «በረሃው ውስጥ ይሆናል» አለች። ቆይታ ደወለች። አይቀበልም። ጭነቱ ከብዶት ይሆናል። ዳገቱን እየወጣ ይሆናል። የደከመ መኪና ዳገት ላይ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማንን ትጠይቅ?

እንዲህ ስትብሰለሰል ከመንገዱ ማዶ ካለው ጌም ቤት ሻይ አዘዙ። ብርጭቆዎቹን በሳህን ይዛ ገባች። ጎረምሶች አንድ ኮምፒውተር ከበው ይንጫጫሉ። ታዲዮስ ጨዋታውን እስኪ ሰው ይሞክረው ብሎ እዚያ እንደጫነው አላወቀችም ነበር።

«እኔ? ዘመነ ይሙት አልነካሁም» አለ ኮምፒውተሩ፣ በእሷው ድምፅ።

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ተጫዋቹ ሰውየውን ወደ ኋላ መለሰና ወንዙን እንደገና አሻገረው። «ዘመነ ይሙት አልነካሁም።» እንደገና መለሰው። ማሩ ከድንቢጥ ከረጢት ብቅ ብሎ በደንብ ይታያል። «ዘመነ ይሙት አልነካሁም።»

የብርጓል ሳህኑን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው፤ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ድምፁ የእሷ ነው። ስሙ የወንድሟ ነው። ነገሩ ደግሞ ሐሰት ነው። እሁድ እንዴት አልታያትም? ያኔ ከእንዳላማው ጋር የምታወራ መስሏት ነበር፤ ከእንዳላማው ጋር ደግሞ ነገር ሁሉ ጨዋታ ነው። አሁን ግን እሷ አፏን ዘግታ ቆማ እንኳ መሐላው አይቆምም።

ሌላም ነገር ትዝ አላት። በእኛ አገር ሰው «እገሌ ይሙት» ብሎ ሲምል፣ የሰማው ሰው «ጠላቱ ይሙት» ይላል። መሐላው በሰውየው ላይ እንዳያርፍ ነው። ልጅም ያውቀዋል፤ ሳያስቡት ከአፍ የሚወጣ ነው። ያን እሁድ ግን ትንፋሽ የተከለከለበት ክፍል ነበር። «ጠላቱ ይሙት» ያለ ሰው የለም። የወንድሟ ስም እንዲሁ ሜዳ ላይ ቀረ።

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ታዲዮስ ክፍል ሄደች፤ እየሄደች ትደውላለች። ስልኩ አይቀበልም።

ታዲዮስ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ነበር። ነገ መምህራኑ ፊት ይቀርባል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እትዬ የብርጓል፣ ምነው?»

«አውጣልኝ» አለችው። «ያቺን መሐላ አውጣልኝ። ዘመነ አልገባም።»

ነገሩን እስኪረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ወንበሩን አስጠጋላት። «ተረት እኮ ነው፣ እትዬ። የማለችው ድንቢጥ ናት።»

«ድንቢጥ ወንድም አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው የማለችው በእኔ ወንድም ነው።»

ታዲዮስ ጭንቅላቱን አከከ። «ባወጣው ዋርካ ብቻውን የሚያወራ ይሆናል። ደግሞ አማካሪዬ የሳቀው በዚያች መሐላ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ፈገግ እንኳ አላሰኘውም። ስሙን እንቀይረው? ሌላ ስም በይልኝና ልቅዳ።»

«የማንን?»

«የፈለግሽውን። ወልደ ሰንበት ይሙት በይ።»

«ወልደ ሰንበት ዳቦ ጋጋሪው? አራት ልጆች አሉት።»

«ወልደ ሩፋኤል።»

«አባ ወልደ ሩፋኤል የነፍስ አባቴ ናቸው። ምን ነካህ?»

ታዲዮስ ሳቁ መጣበት፤ ፊቷን ሲያይ ግን ዋጠው። በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ለማንሳት ስለፈራች የተቀበለላት እሱ ነው፤ ጆሮዋ ላይ አስጠጋላት።

«እታለም» አለ ዘመነ። «ምን ሆነሽ ነው? ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ብከፍተው የአንቺ ጥሪ መልእክት ብቻ ሞላው።»

«የት ነህ?»

«ደጀን። ዳገቱ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። ደህና ነኝ። እዚሁ አድሬ ጠዋት እነሳለሁ፤ ሉማሜ ቁርስ በልቼ እመጣለሁ። ደግሞ አልቅሰሻል?»

«ጉንፋን ነው።»

«ሁልጊዜ ጉንፋን ነው» አለና ዘጋው።

ታዲዮስ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይኸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነው። በቃ አሁን ይቆይ፣ ከነገ በኋላ አይቼው…»

የብርጓል አልተነሳችም። በሕይወቷ የተማረ ሰው ፊት እንቢ ብላ አታውቅም። ጉልበቷ ላይ ነጠላዋን እየጠቀለለች፣ ወደ መሬት እያየች ተናገረች።

«ዛሬ ጎማ ነው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ይጭናል፤ ደግሞ በረሃ ይወርዳል። ኑሮው መንገድ ነው። እኔ ብምል ይደክመኛል፣ እተኛለሁ። ያንተ ማሽን አይደክመውም። ሌት ተቀን ይምልበታል።»

ቀጥላም፣ እንደ ፈራች፣ «ካልወጣችስ… ዋርካ ይመልስላት» አለች።

«ምን ብሎ?»

«ሰው የሚለውን ነዋ። ጠላቱ ይሙት።»

ታዲዮስ ኮምፒውተሩን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። ከዚያ እንዳላማው ጋ ደወለ።

እንዳላማው የመጨረሻውን አውቶቡስ ሸኝቶ እያለከለከ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ለወትሮው ይቀልድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ኮፍያውን አወለቀ። «እኔም እኮ እሁድ ከአፌ ሊወጣ ሲል ነው የያዝኩት» አለ። «ዝም በሉ ስለተባለ።»

ብርድ ልብሱን ጋረዱ። ታዲዮስ ምልክት ሰጠ። እንዳላማው ያንን መናኸሪያ የሚሞላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጠላቱ ይሙት» አለ። ትንሽ ቆይቶም ማንም ሳያዝዘው፣ «ማሩ ግን ከንፈርሽ ላይ ነው ያለው» ብሎ ጨመረ።

ታዲዮስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቀረጻው ተበላሸ፤ ደግመው ቀዱት። «እሺ፣ ይሁን፣ እንሂድ» የሚለውን አውጥቶ ይህን በቦታው አስገባው። ወንዙን አሻግሮ አሰማቸው። የብርጓል ሦስቴ አስደገመችው፤ እሷ አትናገርም፣ በጣቷ ብቻ ወደ ኋላ መልሰው ትለዋለች። ከዚያ አብረው ወደ ጌም ቤቱ ሄዱና ታዲዮስ የድሮውን አጥፍቶ አዲሱን ጫነ። ባለቤቱ ስለ ሻዩ ሳህን ሲጠይቃት እንኳ አልሰማችውም፤ አሮጌው በእርግጥ መጥፋቱን ታዲዮስን ደጋግማ ትጠይቀው ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ሻይ ቤቷን አልከፈተችም። ለመጀመሪያው ሚኒባስ ተሰልፋ ሉማሜ ወረደች። የዘመነ መኪና ከአንድ ቁርስ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል፤ አዲሱ ጎማ ከሌሎቹ ጠቁሮ ይታያል። እሱ ጋቢናው ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ቁርሱን እንቅልፍ ቀድሞታል። በመስታወቱ አየችው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቆማ ተመለከተች። ከዚያ የመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀመጠች።

ጸሐይዋ ሞቅ ስትል በሩ ተከፈተ።

«እታለም? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም» አለችው። «ተኛ። ቁርስ እስኪደርስ እጠብቃለሁ።»