ቤሪል በፊልሙ ውስጥ የተናገረችው

የሰፈራችን ልጅ ቤሪል ታፕሊ ምላሷ ስለት ነበር። ለንደን ውስጥ በርመንድዚ በሚባለው ሰፈራችን ባለው የማርማላታ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ክዳን ስትገጥም ትውላለች፤ አለቆቿ እንኳ ይፈሯታል። ቅዳሜ ሲመጣ በወጣቶች ክበብ አዳራሽ ሮክ ኤንድ ሮል ትደንሳለች። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሹን ዘግቶ መጋዘን ሊያደርገው ነው ሲባል ደሟ ፈላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ያፈረሰው ቤት ገና አልተሠራም፤ ወጣቱ የት ይሂድ? ደጅ ብትጠና ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት።

ያን ሰሞን ጀራልድ ሄንሾው የሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ የሀብታም ልጅ ስለ ሠራተኛ ወጣቶች ፊልም ሊያነሣ መጣ። ቤሪል እግዜር የላከላት መሰላት።

«የምለውን ሁሉ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ያዩታል?»

«አዎ፣ እንጋብዛቸዋለን። እንደ ልብሽ ተናገሪ፤ ካሜራውን እርሺው» አላት።

ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንገጫገጨ፣ ቤሪል ስለ አዳራሹ የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው። ጀራልድም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

ፊልሙ ሲታይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል። የቤሪል ፊት ሸራውን ሞላው። አፏ ተከፈተ። የተሰማው ግን የአንድ ጨዋ ሰውዬ ድምፅ ነው፦ «እነዚህ ወጣቶች የሚፈልጉትን አያውቁም። ብቻ ይደንሳሉ።»

«አንቺ፣ ድምፅሽ ምነው ጎረነነ!» ብላ ጓደኛዋ ጆይስ በሳቅ ፈረሰች።

ቤሪል ብድግ አለች። «እኔ እንዲህ አላልኩም! አዳራሹን አትዝጉብን ነው ያልኩት!»

«ቁጭ በይ እንጂ እህቴ፣ ሰው ይይበት!» አላት አስተናባሪው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም፤ ፊልሙ ሲያልቅ ግን አጨበጨቡ።

በር ላይ ጀራልድን አንቃ ልትይዘው ምንም አልቀራት።

«ካሜራው ይጮሃል እኮ፣ ድምፅ አብሮ አይቀዳም። በኋላ ተራኪ ነው የምናስገባበት» አለ።

«ታዲያ ምን አስነቀነቀህ?»

«ፊትሽ ግሩም ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የቤሪል ቃል ግን ከከንፈሯ አላለፈም። በጸደይ አዳራሹ ተዘጋ።

ዛሬ ቤሪል አሮጊት ናት። ፊልሙ አልፎ አልፎ በቴሌቪዥን ይታያል። ያኔ ወንበሯን ታስጠጋና የራሷን ከንፈር ለማንበብ ትታገላለች። «አዳራሹን...» የሚለው ይገባታል፤ ወዲያው የተራኪው ሰውዬ ድምፅ ይገባበታል።

«ዝም በል እስቲ አንተ!» ትለዋለች።

እሱ ይቀጥላል። የቀረውን ምን ብላ እንደነበር እሷም ረስታዋለች።