የመንታዋ ጊደር

ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አባቴ ለመንታ እህቱ ሰጠኝ። በእኛ አገር የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኔም አዳዳ እያልኩ ከሚሴ፣ እሷ ቤት አደግኩ። ልጅ ስላልሆነላት ሁለት ትዳር ፈርሶባታል። ጥንቅሽ በጥርሷ እየላጠች ስታጎርሰኝ የነበረው ጣዕም ዛሬም ይናፍቀኛል። ከዚያ ወዲህ የበላሁት ጥንቅሽ ሁሉ እንጨት ነው።

ለምን እንደተሰጠሁ የገባኝ ሰንበቴ ገበያ ነው። አባቴ ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ሊሸጥ ሲሄድ እኔና አዳዳም ተከትለነው ነበር። አንድ ገዢ ጥርሷን አይቶ፣ ጀርባዋን ዳብሶ ሊስማማ ሲል አባቴ መንታ መሆኗን ነገረው። ነውር ደብቆ መሸጥ እሱ ዘንድ ሐራም ነው። ገዢው እጁን ሰበሰበ።

«ወንድሟ ሆድ ውስጥ በልቷታል፤ ከእንግዲህ ለእርድ እንጂ ለወተት አትሆንም» ብሎ ሄደ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። አዳዳ ሻሿን ማስተካከል ጀመረች። ልጅ ብሆንም ጅል አልነበርኩም፤ ሰፈሩ ስለ እሷም እንዲሁ እንደሚያማ ያን ቀን ገባኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ሕይወት ስማር ያቺው ጊደር ክፍል ውስጥ ጠበቀችኝ። መምህሩ እንዳስረዳን፣ ጥጃዋ ገና ጽንስ ሳለች እንቁላል በሚያፈራው አካሏ ውስጥ ያሉት ሴሎች ዕጣቸው አልተለየም። የመንታዎቹ የደም ሥር ስለሚገጣጠም የወንዱ ሆርሞን ወደ እሷ ያልፋል። መልእክቱ ሴሉ ላይ ይደርሳል፤ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ኒውክለሱ ድረስ ያስገቡታል። እዚያ ደግሞ አንዱን ጂን የሚከፍቱ፣ ሌላውን የሚዘጉ ፕሮቲኖች አሉ። ጨፋ ሜዳ ላይ ገበሬዎች መስኖ ሲያጠጡ አንዱን ቦይ ለቀው ሌላውን በአፈር እንደሚደፍኑት፣ የሴትነቱ ቦይ ይደፈናል። ገዢው ብዙም አልተሳሳተም ማለት ነው። መምህሩ ግን ቀጠለ፤ በሰው ዘንድ የወንድና የሴት መንታ ደም እንዲህ አይገናኝም፤ ከወንድ ጋር ስለተወለደች ብቻ ሴት መካን አትሆንም አለ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ለእረፍት እንደመጣሁ ቦርሳዬን ሳላወርድ ለአዳዳ ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «እህቴን በላኋት ብሎ ባያዝን አንቺን ይሰጠኝ ነበር? እኔ ስሞት ንገሪው።»

ወሬ ማሳደር የማልችለዋ እኔ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። አባቴ በመጣ ቁጥር እህቱን ቀና ብሎ ማየት ሲያቅተው እያየሁ ዝም ማለት ከባድ ነበር።

አምና አዳዳን ቀበርን። ለቀስተኛው ሲበተን አባቴን ጥላ ሥር አስቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። መቁጠሪያው እጁ ላይ ቆመ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«አልሀምዱሊላህ» አለ። «እንኳንም ያኔ አላወቅኩ።»