አክስቴ ይዘውልኝ የነበረው ቦታ

አክስቴ ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ በሜቶዲስት ቤተክርስቲያን ውስጥ ብቸኛዋ ሐበሻ ነበሩ። እሁድ እሁድ ነጠላቸውን አጥፈው አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። «ሰው አለው?» ብሎ ለሚጠይቃቸው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው «አዎ፣ ሰው አለው» ይላሉ። የቤንዚን ዋጋ ጣሪያ በነካበት ሰመር እንኳ ከምኖርበት ከፕሌኖ እየነዳሁ፣ ሁሌ አርፍጄ እደርሳለሁ። ነጠላውን ያነሱና «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» ይሉኛል።

ቅዳሜ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ስንበላ አንዲት ነጭ አሮጊት እጄን ይዘው «ባሌ የሞተ ጊዜ ነጠላዋን አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ» አሉኝ። አንድ የትራክ ሹፌርም እዚያው ቦታ፣ አክስቴ አጠገብ ተቀምጦ እንዳለቀሰ ነገረኝ። እኔ እኮ በቀረሁ ቁጥር ቦታዬ ባዶውን የሚውል ነበር የሚመስለኝ! ምሳዬን ገፋ አደረግኩ። አሮጊቷ ሐዘን መስሏቸው አቀፉኝ፤ ቅናት ነበር።

በማግስቱ፣ እሁድ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ ደረስኩ። እሳቸው ቦታ ተቀምጬ ጃኬቴን አጠገቤ አስቀመጥኩ። ቤተክርስቲያኑ ሞላ። ልጅ ያቀፈች ሴት መጥታ «ሰው አለው?» አለችኝ።

ጃኬቴን አላነሳሁም። «አዎ፣ ሰው አለው» አልኳት።