ያልተጻፉት ሁለት ሰዓታት

ተማሪዎቹ እትዬ ማኅተም ይሏታል። የትምህርት ቤቱን ማኅተም ከቦርሳዋ አውጥታ ለማንም ስለማትሰጥ፣ ርዕሰ መምህሩ እንኳ ሲፈልገው ደጅ ስለሚጠናት የወጣላት ስም ነው። መዝገብ ቤት ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ስልሳ ሰዓት በበጎ ፈቃድ ያገለገሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጅ በተሰበሰበበት እየተጠሩ የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ስልሳው መሙላቱን የምታጣራው እሷ ናት። ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ይዞ የመጣ ልጅ ቢያለቅስ፣ አባቱን ጎትቶ ቢያመጣ፣ እሷ እንደሆን ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ!

እናቷ ካረፉ አምስት ሳምንት ሆነ። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። እሷ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ አላለቀሰችም። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አሉ፤ ሰንበት ሲል ደግሞ «ኧረ ይቺስ ልቧ ድንጋይ ነው» አሉ። ሁለቱንም ሰማች፣ አንዱንም አልተቃወመችም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በሰዓቱ ትነሳለች። ውስጧ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንደተኙበት ክንድ ነው፤ ቢነኩት የሌላ ሰው ይመስላል።

ዛሬ የማጣሪያው የመጨረሻ ቀን ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ያልተመዘገበ ነገ አይጠራም። ሰልፉ ተመናምኖ በመጨረሻ የገባችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ማኅተም ቤት እየሄደች የእናትየዋን ፀጉር ስታጥብ፣ ጥፍራቸውን ስትቆርጥ፣ ጋዜጣ ስታነብላቸው የከረመች ልጅ። ቅጿ ላይ በየመስመሩ የአሮጊቷ የተንቀጠቀጠ ፊርማ አለ። እትዬ ማኅተም ደመረችው። ሃምሳ ስምንት። ደግማ ደመረችው። ያው ነው።

ሌላ ቢሆን «ለሚቀጥለው ዓመት» ብላ ትሸኘው ነበር። ይህቺን ግን በምን አፏ? እናቷን ያጠበችን ልጅ ባዶ እጇን መስደድ አቃታት፤ ያልተሠራ ሰዓት መጨመርም አልሆነላት።

«ሁለት ሰዓት ይጎድልሻል።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«የመጨረሻውን ቀን አልጻፍሽማ! ቤት ስገባ በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ልጅቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ጀመር። «ያ አይቆጠርም ብዬ ነው።»

«ለምን? ስትደርሺ አልፋ ስለነበረ?»

አምስት ሳምንት ሙሉ ያመነችው ይህንኑ ነበር። እናቷ በእንቅልፋቸው ሄዱ፤ ልጅቱ ደርሳ አገኘቻቸው፤ አለቀ። ያን ቀን የቢሮው ስልክ ሁለት ጊዜ ሲጮህ ሰምታለች። የሞታቸው ወሬ ነበር ብላ ራሷን አሳምናለች፤ ብታነሳውም ባታነሳውም ለውጥ የለውም።

«ኧረ አላለፉም ነበር» አለች ልጅቱ። «ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ጊዜ ወደዚህ ደወልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ‹ሰዓት ቆጠራ ላይ ናት፣ ድምሩ ይጠፋብኛል ብላ ስልክ አታነሳም› አለችኝ። ቆይቼ ደገምኩ፣ እንደዚያው አለችኝ። በቃ፣ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።»

«ሁለት ሰዓት?»

«ሁለት ሰዓት።»

እትዬ ማኅተም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምን አለችሽ?»

ልጅቱ አቀረቀረች። «‹ልጄ፣ መጣሽ?› አሉኝ። እኔን እርስዎ አድርገውኝ ነው። ምን ልበል? ‹መጣሁ፣ እማዬ› አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ እጄን አልለቀቁኝም። ቅጹ ላይ ደግሞ ለዘመድ የተሰጠ አገልግሎት አይያዝም ይላል። ያን ቀን ልጃቸው ሆኜ ነው የተቀመጥኩት፤ ዋሽቻለሁም። ስለዚህ ተውኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

ማንም ቢደውል እንዳትጠሪኝ ብላ ለጽዳት ሠራተኛዋ ትእዛዝ የሰጠችው ራሷ ናት። አፈረች። በልጅ ፊት እንዲህ አፍራ አታውቅም። አሁንስ እንባው ይመጣል ብላ ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም። የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ቀዘቀዘ። ቅጹን አዙራ ወደ ልጅቱ ገፋችው።

«ጻፊው።»

«ግን እኮ፣ እትዬ...»

«ጻፊው አልኩሽ! አንቺ ዘመዷ አይደለሽም። ዘመዷ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ቆጠራ ላይ ነበርኩ።»

ልጅቱ ጻፈች። እትዬ ማኅተም በእናቷ ፊርማ ቦታ ራሷ ፈረመች፣ ስልሳ ብላ ደመረች፣ ቀኑን ጻፈችበት። ከዚያም እንደ ልማዷ ቀና ሳትል «ቀጣይ ይግባ» አለች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ልጅቱ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ እንዳለች እዚያው ቆማ ቀረች።