ጢሜን ያስበላኝ ሙግት

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወገራ ውስጥ ሙግት የሌለው ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ሬሳ። እኔም ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ርስት ተካሰስኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለች፣ ገብስ እንደ አረም የሚበቅልባት መሬት ናት። እሱ ብቻውን ያርሳታል፤ እኔ ድርሻዬን አልኩ። አለቀ። ለወንድማማች ጠብ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ጎንደር አራዳ ድረስ እወርዳለሁ። ዳኛው አመማቸው፣ ምስክር ቀረ፣ ተመለስ ይሉኛል። እንቅልፍ አጣሁ፤ መደቤ ላይ ተጋድሜ ከጣሪያው ጋር እከራከራለሁ። በሬ ስጠምድ እንኳ ልቤ ነጋሪት ይመታል። በዚህ መሀል አንድ ጠዋት አገጬን ስዳብስ ጣቴ ባዶ ቦታ ላይ ወደቀ። ጠገራ ብር የሚያህል ክብ፣ ለስላሳ፣ አንድ ጠጉር የሌለበት።

ሚስቴ አየችና፣ "ምነው አንቱ፣ አገጭዎ ውሻ የላሰው ድስት መሰለሳ!" አለች።

ፌጦ ደቁሼ ቀባሁበት። ነጭ ሽንኩርት አሸሁበት። ቆዳዬ ተቃጠለ እንጂ ጢም አልመጣም፤ እንዲያውም ክቡ ጎረቤት አፈራ። የደብራችን ደብተራ አየኝና ራሱን ነቅንቆ፣ "ይሄ የሰው እጅ ያለበት ነው" አለኝ። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የማን ይሆናል!

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጋቢዬን አደግድጌ ዳኛው ፊት ቆምኩና ክስ ጨመርኩ። "ጌታዬ፣ መሬቴን መያዙ አንሶ አያ ጢሜንም በመተት አራገፈብኝ!" ታላቄ ነውና ከስሼውም አያ ከማለት አልወጣሁም፤ አፌ ለምዷል።

ችሎቱ ሳቀ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ ነበር የመጣው፤ ራስ ምታት ይዞታል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ደስ ብሎኛል። ሻሹን ፈታና አናቱን ለዳኛው አዘነበለ። ሁለት ቦታ ተመልጧል፤ ሁለቱም የኔኑ ያህላሉ።

"ጌታዬ፣ እኔም ልከሰው ነው የመጣሁት" አለ። "ይሄ ርጉም በመተት ጠጉሬን ጨረሰው። ደብተራው ነግሮኛል።"

"የትኛው ደብተራ?" አሉ ዳኛው።

ያው የደብራችን ደብተራ ሆኖ ተገኘ። ለሁለታችንም አንድ ቃል ነው የነገረን፤ ሰውየው ቢያንስ አያዳላም።

ዳኛው የሳቅ እንባቸውን ጠርገው፣ "መሬቱን እኔ አያለሁ። ጠጉሩን ሐኪም ይየው" ብለው አባረሩን።

ሐኪሙ አገጬን አየ፣ የወንድሜን አናት አየ፣ "አባታችሁስ?" አለ። አስታወስን፤ ጣሊያን ከብቶቹን የነዳበት ዓመት የአባታችን ቅንድብ ረግፎ ነበር። "በዘራችሁ አለ" አለ ሐኪሙ። "ንዴትና ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል። ሙግቱን ተዉት።"

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፤ ነገሩንም አንብቤ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሰውነት ዘብ አለው። ሰው ሲደነግጥ ልብ ይመታል፣ ደም ይሞቃል፤ ጅብ ለመጣበት ሰው ይሄ ሸጋ ነው። ጅቡ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ላይ ከከረመ ግን ዘቡ ይሳከርበትና የጌታውን ጠጉር ጠላት ብሎ ይወጋል። ጭንቀት ብቻውን ያመጣዋል የሚል አላነበብኩም፤ ዘሩ ላለበት ግን ክብሪት ሊሆን ይችላል።

ከሐኪሙ ወጥተን በፒያሳ በኩል ስናልፍ ወንድሜ ቆመ።

"በል ተዋ!"

"አያ፣ አንተ ተው። ታላቅ አንተ ነህ።"

"የተመለጠ ታላቅ አለ?"

"ጢሙ የጎደለ ታናሽ ካለ፣ ምን ገዶት!"

ሳቅ አመለጠው። እኔንም አመለጠኝ። ሽማግሌ ጠርተን፣ ገመድ ጥለን መሬቷን እኩል ተካፈልን።

በዓመቱ የሱ ጠጉር በቀለ፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ጥቁር። የኔ አገጭ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ግማሽ መሬት ሰጥቶ ሙሉ ጠጉር ያገኘው እሱ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። መናደዴ ለአገጬ እንደማይበጅ አውቃለሁ፤ ማወቄም ራሱ ያናድደኛል።