ሙቀት የማይችለው አሚን

ባለፈው የሙቀት ወራት ነው፣ እዚህ ኩዌት፣ ባያን ሰፈር፣ ምግብ በማበስልበት በማዳም ቤት። ደግ አደረግሁ ወይስ ክፉ፣ እስካሁን ስላልለየልኝ ከሐሳቤ አይወጣም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጅ ልጄ በስልክ እየሰማችኝ ነው የጻፈችው።

የቤቱ ሾፌር አሚን ይባላል፣ የኮምቦልቻ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ራይ ከሚባለው የመጋዘን ሰፈር ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ራሱን ስቶ ወደቀ። «እናቴ፣ ማዳም እንዳትሰማ። በሽተኛ ነው ብለው አገሬ ይሰዱኛል» ብሎ አስማለኝ። አራት ልጆች አሉት።

ከዚያ አንድ ቀን የምሳ ዕቃ ሳነሳ፣ ላብራቶሪ የምትሠራው የማዳም ልጅ ኑራ በስልክ ታወራለች። የእኔ ዐረብኛ የማድቤት ነው፤ ይህን ግን ሰማሁ፦ «አሚን ሙቀት አይችልም። ጠቁሯል፣ ተበላሽቷል። ኸላስ፣ በቃ፣ አውጥተን በአዲስ እንቀይረዋለን።»

ማን ነገራት? እኔ ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆን? ግራ ገብቶኝ የቆሸሸውን ሳህን ከነማንኪያው ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።

ግቢ ወጥቼ ለአሚን ነገርኩት።

«ጠቁሯል አለች?»

«ብላለች።»

«ድሮስ መቼ ቀይ ነበርኩ?» አለኝ። ሳቁ ግን አልመጣለትም።

ቀጥ ብሎ ገብቶ ኑራ ፊት ቆመ። «ሙቀት እችላለሁ! ራይ የወደቅሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ቁርስ ስላልበላሁ ነው!»

ኑራ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። «መቼ ነው የወደቅኸው?»

ለካ የእሷ አሚን ሰው አይደለም። ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ የተቃጠለውን አየር ለይቶ የሚይዝ ፈሳሽ ነው፤ በዐረብኛ ስሙ አሚን። ሲያሞቁት የያዘውን ይለቃል፣ ሲበርድ መልሶ ይይዛል። ሙቀቱ ሲበዛበት ግን ራሱ ጠቁሮ ይበላሻል አለች።

«እንደማይችል ካወቃችሁ ለምን ታሞቁታላችሁ?» አልኳት።

«ካልሞቀ አይለቅማ!»

ሦስት ጊዜ አስረዳችኝ፤ ሦስቴም ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም።

አሚንን አላባረሩትም። ኑራ እናቷን አነጋግራ የራይ ሥራውን ወደ ማለዳ አዛወረችለት። እሱ ግን «ምስጢሬን በገዛ አፌ አስወጡኝ» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

አሁን ማለዳ ውሃውን ይዞ ሲወጣ ሳየው ሆዴ ይረጋል። የዚያኛው ነገር ግን፣ ፈሳሽም ቢሆን፣ ያሳዝነኛል። ኑራ ከሥራ ስትገባ «አሚን እንዴት ዋለ?» እላታለሁ።

«የትኛው?» ትለኛለች።