ባዶ ብርጭቆ የሚያሸተው ምናሴ

ምናሴ በሕይወቱ አንዲት ጠብታ አልኮል ውጦ አያውቅም። ጴንጤ ቤተሰብ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ ወንበር የሚደረድር፣ ሰርግ ላይ እንኳ ሚሪንዳ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ይህ ሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም.፣ አሌክሳንድሪያ ባለው መሥሪያ ቤቱ የአይሪሽ ዊስኪ ክፍል ኃላፊ አድርጉኝ ብሎ ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ መጠጥ ቤት ነው። መጀመሪያ የሳቀችበት ሚስቱ ዕድላዊት ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ውኃ ገብቶ የማያውቅ ሰው ዋና ሊያስተምር ነው?»

«ዳር ቆሜ አሥር ዓመት አይቻለሁ» አላት።

እሱ ግን የምሩን ነበር። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ባቡር እየቀያየረ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ይወርዳል፤ ብርጭቆ ያጥባል፣ በረዶ ይሞላል፣ ባርተንደሩ ሲቀርም ይቀዳል። በእነዚያ ዓመታት ማንም ሳያውቅለት አንድ ነገር ከሁሉም አብልጦ አውቆ ነበር። እውቀቱን ወይ አሁን ያሳያል፣ ወይም ከእነ እውቀቱ እቃ ማጠቢያው ሥር ጡረታ ይወጣል። እንዴት እንዳወቀ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ነገሩም ራሱ ደስ የሚል ነው።

በ2008 የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሚስተር ዶሄኒ አንድ የዊስኪ ክበብ ሲያስተናግድ፣ ባርተንደሩ ታሞ ቀረና ምናሴ እንዲቀዳ ታዘዘ። አሥር ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ፊት ወገቡ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ ተቀምጧል። ምናሴ መጠጥ ባያውቅም እንግዳ ማስተናገድ ያውቃል። ጎደሎ ብርጭቆ ማቅረብ እንግዳን መስደብ ነው። ስለዚህ አሥሩንም እስከ አፋቸው ጢም አድርጎ ሞላቸው፤ ፈሳሹ ከብርጭቆው ጠርዝ በላይ እስኪያብጥ ድረስ።

ሚስተር ዶሄኒ ከኩሽና ሲወጣ አየ። «ምናሴ! ምን አደረግህ?»

«አከበርኳቸው» አለ ምናሴ።

ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። የክበቡ ሊቀመንበር ማርጆሪ፣ በጡረታ ላይ ያለች የኬሚስትሪ መምህር፣ ብርጭቆዋን ሳታነሳ ጎንበስ ብላ ፉት አለችለትና «እንዲህ ተከብሬ አላውቅም» አለች። ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችው። ብርጭቆው ሲሶው ብቻ የሚሞላው መዓዛው የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ወገቡ ሰፊ የሆነው መዓዛው እንዲነሳ፣ አፉ ጠባብ የሆነው እንዳይበተን ነው። ከዊስኪ የሚታወቀው ነገር አብዛኛው በአፍንጫ እንጂ በምላስ አይደለም።

«በአፍንጫ?» አለ ምናሴ። «ሳይጠጡ?»

«ፋብሪካ ውስጥ የሚቀላቅሉት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲያሸቱ ይውላሉ። ሁሉንም ቢጠጡ እስከ ምሳ ሰዓት ማን ይቆማል?»

ይህች ዓረፍተ ነገር ለምናሴ በር ከፈተችለት።

ክበቡ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ እሱም ያን ቀን ሺፍት እንዲደርሰው ይለምን ጀመር። ጆሮውን ወደ እነሱ፣ እጁን ወደ ማጠቢያው አድርጎ ትምህርቱን ያዘ። የተማረው ይህን ይመስላል። የእኛ አረቄ አውጪዎች አንዴ የወጣውን እንደገና ሲያወጡት ዳግም ይሉታል፤ አይሪሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ይጨምሩበታልና መጠጣቸው ለስላሳ ነው። ከብቅል ብቻ፣ በመዳብ ድስት የወጣው ሲንግል ሞልት ይባላል። ከበቆሎ ወይም ከስንዴ፣ በረጅም ዓምድ መሰል ማውጫ ውስጥ የወጣው ግሬን ይባላል፤ ቀላልና ጣፋጭ ነው። እነዚህን የቀላቀለ ብሌንድ ነው። የአይሪሾች ብቻ የሆነው ግን አራተኛው፣ ፖት ስቲል ነው፤ ብቅልና ያልበቀለ ጥሬ ገብስ አንድ ላይ ተጠንስሶ በመዳብ ድስት ይወጣል። ድሮ በብቅል ላይ ግብር ሲጣል ከግብሩ ለመሸሽ ጥሬ ገብስ ጨመሩበት ይባላል። ግብሩ ተረሳ፣ ጣዕሙ ቀረ።

ክበቡ የሚጣላው በዚሁ በፖት ስቲል ላይ ነበር። መጽሐፎቻቸው «የተልባ ዘይት ይሸታል» ይላሉ፤ አባላቱም በየደብተራቸው «የተልባ ዘይት» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ማክሰኞ ማርጆሪ እርሳሷን ወረወረች።

«ስድስት ዓመት ተልባ እያልኩ እጽፋለሁ። እዚህ መካከል ተልባ አሽትቶ የሚያውቅ አለ?»

ማጠቢያው ጋ ያለው ምናሴ ብቻ እጁን አወጣ፤ አረፋው እስከ ክርኑ ነው።

በሚቀጥለው ወር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ተልባ ገዝቶ፣ ቤቱ ቆልቶ ፈጭቶ፣ በጠርሙስ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ በጠረጴዛው ዙሪያ ተላለፈ፤ ከዚያ ብርጭቆዎቹ ተላለፉ። አንድ በሙያው ጠበቃ የሆነ አባል ጠርሙሱን፣ ብርጭቆውን፣ እንደገና ጠርሙሱን አሸተተና «እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እስከ ዛሬ ስዋሽ ነበር» አለ። ማርጆሪ ለምናሴ ደብተር ሰጠችው። በአማርኛ ይጽፍበት ጀመር።

ከእህሉ ቀጥሎ የሚመጣው በርሜል ነው። ዊስኪ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንጨት ውስጥ ይተኛል፤ በርሜሉም የቀድሞ ነዋሪውን አይረሳም። የአሜሪካ ቦርበን የነበረበት በርሜል ቫኒላና ኮኮናት ይሰጣል፤ ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን የነበረበት ዘቢብ፣ ቴምርና ለውዝ ይሰጣል። አንዳንዱ ዊስኪ ዕድሜውን ሁሉ ቦርበን በርሜል ውስጥ ይኖርና ለመጨረሻዎቹ ወራት ብቻ ወደ ሼሪ ይዛወራል፤ ይህን ፊኒሽ ይሉታል። ጥያቄው፣ በሼሪ ያደገውንና በሼሪ የተጠናቀቀውን በምን ለይቶ ማወቅ ይቻላል የሚል ነው። ሁለቱም ዘቢብ ዘቢብ ይሸታሉ። ክበቡ በዚህ ብቻ ሁለት ዓመት ተከራክሯል።

ምናሴ መልሱን ያገኘው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። መዓዛውን ለማጥናት መዳፉ ላይ ዊስኪ ጠብ አድርጎ ያሽ ነበር። አንድ እሁድ ሽማግሌው ጋሽ ከፈለ እጁን ጨብጠው ሰላም ሲሉት፣ ሳይለቁት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ምናሴ፣ ልጄ፣ ይህ እጅህ ምን ነካው?»

«ሥራ ነው ጋሼ።»

«ሥራ ዘቢብ ይሸታል እንዴ?»

ምናሴ ከማፈር ይልቅ ዓይኑ በራ። «ዘቢብ ሸተተዎት? እውነትዎን ነው? ትናንት ማታ የቀባሁት እኮ ነው! ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ዘቢቡ ብቻ ቀረ?»

«ስለ ምን እንደምታወራ አላውቅም» አሉ ጋሽ ከፈለ። «አፍህ ገብቷል?»

«በፍጹም።»

«እንግዲያው ሥራህን ሥራ። ለእሁድ ግን እጅህን በሎሚ ታጠብ፤ እህቶች ይጠይቁኛል።»

በሎሚ ታጠበ፤ ነገሩን ግን አልተወውም። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ ወደ ኋላ የሚቀረው እንጨቱ ነው ማለት ነው። እንጨት ደግሞ ሁለት ንብርብር አለው ብሎ አሰበ፤ ለጥቂት ወራት ላይ ላዩን የተቀባው ቶሎ ይሄዳል፣ ለዓመታት የጠለቀው ይቆያል። ይህን ለመፈተን ከእሱ የተሻለ ቦታ ያለው ሰው አልነበረም። ክበቡ ሲበተን አርባና ሃምሳ ባዶ ብርጭቆ ወደ እሱ ይመጣል። ማጠብ ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ እያነሳ ያሸት ጀመር፤ መጀመሪያ እንደመጡ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ደርቀው። በአራት ዓመት ሦስት ደብተር ሞላ። አባላቱ ሙሉ ብርጭቆ ሲያጠኑ፣ ምናሴ ባዶውን አጠና።

እንግዲህ በ2014 ሚስተር ዶሄኒ ላይኛው ፎቅ ላይ የዊስኪ ክፍል ሊከፍት ሲል፣ ምናሴ ቢሮው ገብቶ ጠየቀ።

«አንተ?» አለ ዶሄኒ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የምሩን ነው የገረመው። «ወዳጄ፣ አትጠጣም እኮ። ሥጋ የማይበላ ሰው ሥጋ ቤት ይከፍታል?»

«ፈትነኝ።»

ፈተናው ለቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። ማርጆሪ ስድስት ዊስኪ ትመርጣለች፤ መልሱን በፖስታ ታሽጋለች። መልኩ እንዳይታይ ብርጭቆዎቹ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናሉ። ምናሴ የእያንዳንዱን ዓይነትና በርሜል ይናገራል። ስድስቱንም ከመለሰ ክፍሉ የእሱ ነው፤ አንዱን ከሳተ የታችኛው ፎቅ ባርተንደር ይወስደዋል። ምናሴ እጁን በሎሚ ታጥቦ፣ የሰርግ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ክበቡ በሙሉ ተገኝቷል።

አንደኛውን አነሳ። «በቆሎ። ግሬን ነው። በርሜሉ ቦርበን።» ሁለተኛው፣ «ብቅል ብቻ፤ ሞልት። ቦርበን፣ ከዚያ... እንደ እንጆሪ ማርማላታ የሚል ነገር አለው። የፖርት ወይን በርሜል ነው።» ሦስተኛው ብሌንድ ነበር፤ ጊዜ አልወሰደበትም። አራተኛውን ገና ወደ አፍንጫው ሳያደርስ ሳቀ። «ተልባ!» ጠረጴዛውም አብሮት ሳቀ። «ፖት ስቲል። ቦርበን በርሜል።»

አምስተኛውንና ስድስተኛውን ግን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። ሁለቱም ፖት ስቲል፣ ሁለቱም ዘቢብና ቴምር ናቸው። ማርጆሪ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። ክበቡ ሁለት ዓመት የተጣላበትን ጥያቄ እንዳመጣችበት ገባው።

«አንዱ በሼሪ አድጓል፣ አንዱ በሼሪ ተጠናቋል» አለ። «የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ደቂቃ ስጡኝ። ደግሞ ሁለት ጠጪ።»

«ምን?» አለ ዶሄኒ።

«ሙሉ ብርጭቆ አይነግረኝም። ባዶውን ነው የምፈልገው። መድፋት ደግሞ ነውር ነው።»

ጠበቃው ከወንበሩ ተነሳ። «ለፍትሕ ስል እጠጣለሁ!» ምናሴ አንዱን ለእሱ፣ ሌላውን ለማርጆሪ በየብርጭቆአቸው ገለበጠላቸውና ባዶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አቆመ።

ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። አንዱ አባል ሰዓቱን ያያል፤ ሌላው «ይህ ማታለል ነው» ይላል፤ ማርጆሪ «ይህ ኬሚስትሪ ነው፣ ዝም በል» ትለዋለች። ዶሄኒ ክንዱን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ምናሴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስብከት እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ጊዜው ሲደርስ አምስተኛውን ባዶ አነሳ። ዘቢቡ የለም። ከሥሩ ቫኒላና አዲስ የተላገ ጣውላ ቀርቷል። ስድስተኛውን አነሳ። ዘቢቡ እንዳለ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ለውዝና አሮጌ ቆዳ የተቀላቀለበት። እርግጠኛ ለመሆን ወደ አምስተኛው ተመልሶ አሸተተ።

«አምስተኛው ያደገው ቦርበን ውስጥ ነው፤ ሼሪው ልብሱ ነው። ስድስተኛው የሼሪ ልጅ ነው።»

ማርጆሪ ፖስታውን ቀደደች። ወረቀቱን አየች፣ ለጠበቃው አሳየችው፣ ለዶሄኒ ሰጠችው። ከዚያ ይህች የሰባ ዓመት ሴት ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ጮኸች። ጠረጴዛው ተከተላት። ጠበቃው ምናሴን በትከሻው ሊሸከም ሞክሮ አልቻለም።

ዶሄኒ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ። «ስድስቱም ልክ ነው» አለ። «አንድ ጥያቄ ብቻ። ደንበኛ ጉሮሮ ላይ ምን ስሜት ይሰጣል ብሎ ቢጠይቅህስ?»

«እሱን ደንበኛው ራሱ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ» አለ ምናሴ። «ግን ሚስተር ዶሄኒ፣ የሚጠጣ ኃላፊ ከአራተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም ይጣፍጠዋል። እኔ ቤቱን ስትከፍት የነበርኩት፣ ስትዘጋም ያው ነኝ።»

ዶሄኒ ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም። እያሰበበት ነበር። እጁን ዘረጋ። «ማክሰኞ ትጀምራለህ።»

«እሁድ አልሠራም።»

«ገና ሳትጀምር?»

«ገና ሳልጀምር ነው ጥሩ።»

«እሺ፤ እሁድ የእግዚአብሔር ነው» አለ ዶሄኒ፤ ተጨባበጡ።

ምናሴ ወደ ባቡር ጣቢያው እየሄደ ዕድላዊትን ሦስት ጊዜ ኮል አደረገላት። አላነሳችም፤ ቅዳሜ ከሰዓት የመዘምራን ልምምድ ነው። የቢጫው መስመር ባቡር ከፔንታጎን ጣቢያ ወጥቶ ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ላይ ሲደርስ፣ የፀሐዩ ብርሃን በመስኮቱ እንደገባ ስልኩ ጮኸ።

«ሦስት ጊዜ የደወልከው ወድቀህ ነው አልፈህ?» አለች ሳትተነፍስ።

«አለፍኩ! ስድስቱንም! ክፍሉ የእኔ ነው!»

ዕድላዊት እልልታዋን ለቀቀችው። አጠገቧ ያሉት ዘማሪዎች የጌታ ሥራ ነው ብለው ሳይጠይቁ ተቀበሏት፤ ሃያ ሴት በአንድ ድምፅ እልል አለ። ስልኩን ከጆሮው አራቀው፤ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ እሱም እያየው ላለው ሁሉ በፈገግታ እጁን አውለበለበ። እልልታው ጋብ ሲል አንዲት ዘማሪ «እህቴ፣ ምን ተደርጎልሽ ነው?» ስትል ተሰማ። ዕድላዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። መልሷን ሳይሰማ ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ገባና መስመሩ ተቋረጠ።